ኮይሉ ዝም ሲል፣ ሲግል፣ ሲያጉረመርም፦ ችግርና መፍትሄ

ሙከራው ቀላል ነው። ከስልክ የወጣ ዘፈን በአምፕሊፋየር አልፎ ላኪ ኮይል (የተጠመጠመ ሽቦ) ውስጥ ይገባል። ራቅ ብሎ የተቀመጠ ተቀባይ ኮይል ላኪው የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ ይይዛል፤ በትንሽ ማጉያና በኢርፎን እንሰማዋለን። በመሀል ሽቦ የለም።

የእኔ ላኪ 110 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ፍሳሽ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ 100 ዙር ነው፤ ሽቦው 0.5 ሚሊሜትር የሞተር ሽቦ። ወደ 35 ሜትር ይፈጃል። ሬዚስታንሱ (ከረንትን የሚቃወመው መጠን) 3 ኦም ገደማ ይሆናል። የእናንተንም ሳትጠመጥሙ በፊት አስሉና ወረቀት ላይ ጻፉት። ኋላ ይፈለጋል።

ምንም ድምፅ የለም

ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና የኮይሉን ሁለት ጫፎች ንኩ። ምንም ካላነበበ፣ ከአስር ዘጠኙ ጥፋቱ ጫፉ ላይ ነው። የሞተር ሽቦ ራቁቱን ያለ መዳብ ይመስላል እንጂ ቫርኒሽ ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ፈግፍጉት። ቡናማው ለቆ ሮዝ ሲሆን ይበቃል።

ከተሰላው በጣም ካነሰስ? መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካኩና ያሳየውን ቀንሱ። አሁንም ግማሽ ከሆነ ቫርኒሹ ተልጦ ዙሮቹ ተነካክተዋል። ያው ፈቶ እንደገና መጠምጠም ነው።

አንዳንዱ ደግሞ የባትሪ ድንጋይ በቀጥታ አገናኝቶ «ጠቅ አለና ዝም አለ» ይላል። ልክ ነው፣ ዝም ማለት አለበት። ተቀባዩ የሚሰማው የሚለዋወጥ መስክ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ በ1831 እንደ ፈረንጆቹ ያየው ይህንኑ ነበር።

3 ኦም ያነባል፣ ድምፁ ግን ደካማ ነው

ምን ላይ ጠመጠማችሁት? እኔ መጀመሪያ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ ነበር። ክብነቱ ደስ ይላል። ቆርቆሮው ግን ራሱ እንደተዘጋ አንድ ዙር ሆኖ መስኩን ይበላዋል። ሁለት ቀን ሙሉ አምፕሊፋየሩን ስወቅስ ከረምኩ! ፕላስቲክ ወይም ካርቶን ተጠቀሙ። የብረት ጠረጴዛም ያው ነው።

በርቀት የሚጠፋ ከሆነ ጉልበት መጨመር ብዙ አይረዳም። ከኮይሉ ስፋት አልፎ ሲሄድ መስኩ በርቀቱ ኪዩብ ይቀንሳል፤ ከ30 ወደ 60 ሳንቲሜትር ብትሄዱ የሚቀረው ስምንተኛው ብቻ ነው። ሰፋ ያለ ላኪ ጠምጥሙ። ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ የፌራይት ዘንግ ተቀባዩ ውስጥ ክተቱ። ሁለቱን ኮይሎች ፊት ለፊት አድርጉ።

አምፕሊፋየሩ ይግላል

ለ4 ወይም ለ8 ኦም ስፒከር ተሠርቶ 3 ኦም ተሸክሟል። በወፍራም ድምፅ (ቤዝ) ጊዜ ኮይሉ ተጨማሪ የሚቃወመው ነገር የለውም ማለት ይቻላል። 4.7 ኦም፣ 10 ዋት የሆነውን ነጩን የሴራሚክ ሬዚስተር በተከታታይ ግጠሙ። እሱም ይሞቃል፤ ፕላስቲክ አታስነኩት።

ያጉረመርማል

ላኪውን አጥፉና ተቀባዩን ብቻ አዳምጡ። ጉርምርምታው ከቀጠለ ከቤቱ ነው። የመስመራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 50ና 100 ኸርዝ ላይ ይሰማል። ዲቫይደሩ አጠገብ ይጮሃል፣ ፍሪጁ ጋ ይብሳል። ተቀባዩን በባትሪ አስኬዱና ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የሆነ አቅጣጫ ላይ ጸጥ ይላል። እዚያ አቁሙትና ላኪውን ወደ እሱ አምጡት።

ላኪው ሲበራ ብቻ ከመጣ ግን የአምፕሊፋየሩን ቻርጀር ጠርጥሩ። በባትሪ ሞክሩት።

ትራንዚስተሩ ይቃጠላል

ይህ መስኩን በአምፕሊፋየር ሳይሆን በትራንዚስተር በማብራትና በማጥፋት ለሚቆጣጠሩት ነው። ኮይል ድንገት ሲቋረጥ ከባትሪው ብዙ እጥፍ ቮልቴጅ ይተፋል። 1ኤን4007 ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በኮይሉ ላይ በተገላቢጦሽ ግጠሙ፤ መስመሯ ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ትራንዚስተሩ ይድናል፣ ምልክቱ ግን ይደበዝዛል። ከረንቱ በዳዮዱ እየዞረ ቶሎ አይሞትም፤ በእኔ ኮይል ግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ይንገላታል። ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ 10 ኦም ጨምሩ። ያኔ ቶሎ ይሞታል፣ ቮልቴጁ ግን ከፍ ስለሚል የሚችል ትራንዚስተር ምረጡ። ኮይሉን 12 ቮልት በቀጥታ ብትሰጡት ደግሞ 4 አምፔር ይስባል። ለዚህ ቀጭን ሽቦ ከ1 አምፔር ብዙ አትለፉ፤ ቫርኒሹ መሽተት ከጀመረ ወዲያው ንቀሉት።

የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ቤት ካለ እሱ በሌለበት ክፍል ሞክሩ። ኮይሉን የግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ መሰካት የሚባል ነገር የለም።