«ደም ማነስ ነው» ብሎ መተው፦ የመቅኔ ሕመም ወደ አጣዳፊ ሉኬሚያ ሲሄድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በገብስ ማሳ መሐል የበቀለ እንክርዳድ መጀመሪያ ላይ ከገብሱ አይለይም። ዘሩን እየጣለ፣ እየበዛ፣ ገብሱን እያቀጨጨ ይሄዳል። በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚሆነውም ለዚህ ይቀርባል። ደም ከሚፈጥሩት ግንድ ሴሎች በአንዱ ዘረ መል ላይ ስህተት ይገባል፤ ከእሱ የሚወለዱት ሴሎች ከጤነኞቹ ይልቅ ይራባሉ፤ የሚያፈሩት ደም ግን ጎደሎ ነው። ይህ ደረጃ ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም፣ ባጭሩ ኤምዲኤስ ይባላል። በዚያ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ስህተት ሲደረብ ሴሎቹ መጎልመስ አቁመው በጨቅላነታቸው ይከማቻሉ። ጨቅላዎቹ ብላስት ይባላሉ። በጤነኛ መቅኔ ከ5 በመቶ በታች ናቸው፤ 20 በመቶ ሲሞሉ ሕመሙ አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ሆኗል። ኤምዲኤስ ካለባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ እዚህ ይደርሳሉ።

ጉዞው ወራት ወይም ዓመታት ይወስዳል፤ በየላቦራቶሪ ወረቀቱም ላይ ዱካ ይተዋል። በሰሜን ሸዋ ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ እስኪደርስ ዱካው የሚጠፋባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። እዚህ የምንዘረዝረው እነሱን ነው።

ሂሞግሎቢንን ብቻ አይቶ የብረት ኪኒን መስጠት

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። የ65 ዓመት ሰው ደከመኝ ብሎ ይመጣል፣ ሂሞግሎቢኑ 8 ይሆናል፣ ብረት ይታዘዝለታል፤ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ብረት፣ ከዚያም ሌላ። የሲቢሲ (የሙሉ ደም ቆጠራ) ወረቀት ላይ ግን አብረው መነበብ ያለባቸው አራት መስመሮች አሉ፦ ሂሞግሎቢን፣ ኤምሲቪ የሚባለው የቀይ ደም ሴል መጠን፣ ነጭ የደም ሴል ከነዝርዝሩ እና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት። ብረት ያጣ ደም ሴሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ኤምሲቪው ከ80 በታች ይወርዳል። በኤምዲኤስ ብዙውን ጊዜ መደበኛ ነው ወይም ከ100 ይበልጣል። ኤምሲቪው 106 ለሆነ ሰው ብረት ማዘዝ ጊዜ ማባከን ነው።

ብረት የጎደለው ሰው መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ በአራት ሳምንት ውስጥ ሂሞግሎቢኑ ቢያንስ በ1 ግራም ከፍ ይላል። ካላለ ኪኒኑን መደጋገም ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ከቀይ፣ ከነጭና ከፕላትሌት ሁለቱ ወይም ሦስቱም አብረው ከወረዱ ደግሞ አራት ሳምንትም አይጠበቅም፤ የደም ስላይድ በዚያው ቀን ይታይ።

አስመሳዮቹን ሳያጣሩ «ካንሰር ነው» ማለት

ይህ የመጀመሪያው ስህተት ተቃራኒ ነው፤ ቤተሰብን ያለ ምክንያት ያስለቅሳል፣ ከብት ያስሸጣል። ኤምዲኤስን መስለው የሚመጡና የሚድኑ ሕመሞች አሉ፤ እኛ አካባቢ ደግሞ ጥቂት አይደሉም።

ቀዳሚው የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ሰውነት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጾም ብቻውን እጥረት አያመጣም፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ገፍቶ ጨጓራቸው የደከመ፣ ኦሜፕራዞል ወይም ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ፣ ከጾም ውጭም ሥጋና ወተት እምብዛም የማያገኙ ሰዎች ይጋለጣሉ። ቢ12 ሲጎድል ኤምሲቪው ከፍ ይላል፣ ሦስቱም የደም ዓይነቶች ይወርዳሉ፣ መቅኔውም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከኤምዲኤስ ጋር ያምታታል። የቢ12 ምርመራ ማግኘት ካልተቻለ 1000 ማይክሮግራም መርፌ እየሰጡ ውጤቱን መከታተል ይቻላል። ሬቲኩሎሳይት የሚባሉት አዳዲስ ቀይ ሴሎች በአንድ ሳምንት አካባቢ በብዛት ይወጣሉ፤ ሂሞግሎቢኑ በሁለት ወር ገደማ ይስተካከላል። ይህ ካልታየ ወደ መቅኔ ምርመራ መሄድ ነው። ፎሊክ አሲድ ለብቻው መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ ደሙን አሻሽሎ የነርቭ ጉዳቱ እንዲቀጥል ያደርጋል።

ቀጥሎ የሥራ ታሪክ ይጠየቅ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና የወረደ ደም ይዞ ከመጣ ከሉኬሚያ በፊት ካላዛር ይመርመር። በሸዋሮቢት፣ በአጣዬና በቀወት ቆላ ደግሞ የተደጋገመ ወባ ጣፊያን አሳብጦ ደምን ያወርዳል። የሳንባ ነቀርሳ መቅኔ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኤችአይቪ ራሱም፣ ዚዶቩዲን የሚባለው መድኃኒቱም ደምን ያወርዳሉ፤ ዚዶቩዲን ኤምሲቪንም ከፍ ያደርጋል። ለረጅም ዘመን አረቄ መጠጣትም ኤምሲቪን ከፍ፣ ፕላትሌትን ዝቅ ያደርጋል። ሰው በእፍረት ስለሚደብቀው ብቻውን ሳለ ጥያቄው በአክብሮት ይቅረብለት።

የከፍታውን ነገር በስንፍና መጥቀስ

ሂሞግሎቢኑ 19 የሆነ የመንዝ ሰው «ደጋ ስለሆነ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ከፍታ ሂሞግሎቢንን ይጨምራል የሚለው እውነት ነው፤ ግን በሁሉም ሕዝብ እኩል አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን ለክቶ አማካዩ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይርቅም። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች በተመሳሳይ ከፍታ በጣም ይበልጣሉ። ስለዚህ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ደብረ ብርሃንም ሆነ ከዚያ በላይ በመንዝ፣ ቁጥሩ ያለ ልክ ከፍ ካለ ከፍታው መልስ አይሆንም።

ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የሚባለው የመቅኔ ሕመም የሚጠረጠረው የወንድ ሂሞግሎቢን ከ16.5፣ የሴት ከ16 ሲያልፍ ነው። ገላን ሲታጠቡ የሚመጣ ማሳከክ፣ የፊት መቅላት፣ ራስ ምታትና የጣፊያ እብጠት አብረው ይታያሉ። ከታማሚዎቹ 95 በመቶ ገደማ ጃክ2 የተባለ የዘረ መል ለውጥ አላቸው። ቀዳሚው አደጋ ደም መርጋት ነው፤ ስለዚህ ሂማቶክሪትን፣ ማለትም ቀይ ሴሎች በደም ውስጥ ያላቸውን ድርሻ፣ ከ45 በመቶ በታች ማቆየት የሕክምናው ምሰሶ ነው። በዓመታት ውስጥ ግን መቅኔው ወደ ጠባሳነት፣ ከፊሎቹም ዘንድ ወደ አጣዳፊ ሉኬሚያ ይዞራል። በደጋ አየር ተሳቦ የተለቀቀ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ክትትል ያልፈዋል።

ናሙናው እስኪያረጅ ማመላለስ

ይህ በተለይ ለጤና ባለሙያዎች ነው። ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ውስጥ ያለ ደም ለሰዓታት ከቆየ ነጭ ሴሎቹ ይበላሻሉ፤ ፍሬዎቻቸው ይጠፋሉ፣ ኒውክለሳቸው ይዛባል፤ ያለ ሕመሙ ኤምዲኤስ ይመስላል። ከመሐል ሜዳ በጠዋት ተቀድቶ ከሰዓት ደብረ ብርሃን የደረሰ ቱቦ ለስላይድ አይታመንም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስላይዱን ደሙ በተቀዳበት ቦታ፣ ቢቻል በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ በሜታኖል አጽንቶ መላክ። ሁለት ወይም ሦስት ስላይድ ይበቃል።

ሌላም አለ። ማሽኑ ፕላትሌት 30 ሺህ ብሎ ታማሚው ላይ አንድም የመድማት ምልክት ከሌለ፣ ፕላትሌቶቹ ቱቦው ውስጥ ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። በስላይዱ ጫፍ የተከመሩ ካሉ በባለ ሰማያዊ ክዳን ቱቦ ይደገም፤ የሚገኘው ቁጥር በ1.1 ይባዛል።

የመቅኔ ምርመራን መፍራት

«መቅኔ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል። መርፌው የሚገባው በዳሌ አጥንት በስተጀርባ በኩል ነው፤ አከርካሪው ውስጥ ያለውን ሕብለ ሠረሠር አይነካም። ቦታው በሊዶካይን ይደነዝዛል፤ ሲሳብ ለጥቂት ሰከንድ የሚጠዘጥዝ ሕመም አለ፤ ጠቅላላ ሥራው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በጀርባ ተኝቶ ቦታውን 15 ደቂቃ መጫን፣ ለ24 ሰዓት ውኃ አለማስነካት። የፕላትሌት ማነስም አይከለክለውም፤ ዳሌን ተጭኖ ደም ማቆም ይቻላልና።

መቅኔውን የሚቀዳው ባለሙያ ማወቅ ያለበት ነገር ቢኖር የመጀመሪያው ስቦሽ ለስላይድ መሆን እንዳለበት፣ እሱም ከግማሽ ሚሊሊትር ባይበልጥ እንደሚሻል ነው። ከዚያ በላይ ሲሳብ ደም ይቀላቀልና የብላስቱ መቶኛ ከእውነቱ ያንሳል። ፈጽሞ አልሳብ ካለ መቅኔው ጠባሳ ሆኖ ወይም በሴል ተጠቅጥቆ ሊሆን ስለሚችል የአጥንት ቁራጭ ይወሰድ እንጂ «አልተሳካም» ተብሎ አይሸኝ። ምርመራው ሳይደረግ ፕሬድኒሶሎን መጀመርም ክፉ ስህተት ነው፤ ሊምፎብላስቲክ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሉኬሚያ ለሳምንታት ይደብቃል።

ዲክሎፌናክ፣ ዋግምትና ጥርስ ማስነቀል

ጀርባዬን አመመኝ ላለ ሁሉ የሚወጋው የዲክሎፌናክ መርፌ ፕላትሌቱ ከ50 ሺህ በታች ለሆነ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ መድኃኒቱ የቀሩትን ፕላትሌቶች ሥራ ያስፈታል፣ መርፌው ጡንቻ ውስጥ ደም ያቋጥራል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ናቸው። ለሕመምና ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ቢ12ም ከቆዳ ሥር ሊወጋ ይችላል። ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥና ጥርስ ማስነቀል ቁጥሩ ሳይታወቅ አይሞከሩም።

ትኩሳትን እስከ ጠዋት ማሳደር

የታማሚውን ኒውትሮፊል፣ ማለትም ኢንፌክሽን የሚዋጉትን ነጭ ሴሎች፣ ለማወቅ ጠቅላላውን ነጭ የደም ሴል በኒውትሮፊል መቶኛ ማባዛት ነው። 2000 ነጭ ሴል ያለውና 20 በመቶው ኒውትሮፊል የሆነ ሰው 400 ብቻ አለው ማለት ነው። ከ500 በታች ለሆነ ሰው አንድ ጊዜ 38.3 ዲግሪ ወይም ለአንድ ሰዓት የዘለቀ 38 ዲግሪ ትኩሳት ድንገተኛ አደጋ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። አውቶቡስ እስኪገኝ አይጠበቅም፤ የመጀመሪያው መጠን በአቅራቢያው ባለ ተቋም ተሰጥቶ መንገዱ ይቀጥል። እቤት ቴርሞሜትር ይኑር።

ወደ ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ወደ ሌላ ጠበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ እምነቱና ሕክምናው አይጣሉም። ቁጥሩ በወረደበት ጊዜ ግን የሚጠጣው ውኃ ይፈላ፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ይቅር።

ሲሻል መድኃኒት ማቆም

ቀስ ብሎ የሚሄደው ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ኢማቲኒብ በሚባል መድኃኒት ለአሥርት ዓመታት በቁጥጥር ሥር ይቆያል፤ ያለ መድኃኒት ግን በ3 እስከ 5 ዓመት ገደማ ወደ አጣዳፊው ይገለበጣል። የተለመደው መጠን 400 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርና በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ነው። ጣፊያው ሲቀንስና ጉልበት ሲመለስ ድኛለሁ ብሎ ማቆም፣ ወይም ለዘመድ ማካፈል፣ ወይም በጾም ወቅት መዝለል ይታያል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ከጾም መፍቻው ጋር ማስማማት ይቻላል። ከአሥር ቀን አንዱን እንኳ መዝለል ውጤቱን እንደሚያበላሽ ታውቋል። የዓይን ዙሪያ ማበጥና የጡንቻ መሸማቀቅ ቢያስቸግር መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።

ደም መውሰድን ሳይቆጥሩ መቀጠል

እያንዳንዱ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይገባል፤ ሰውነት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ከ20 ከረጢት ገደማ በኋላ ብረቱ ልብና ጉበት ላይ ስለሚጠራቀም የተከማቸ ብረትን የሚያሳየው ፌሪቲን ይለካ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሊደረግለት ለሚችል ሰው የወንድምና የእህት ደም አይሰጥ፤ ሰውነቱ ኋላ መቅኔያቸውን አልቀበልም ሊል ይችላል።

ከብረቱም በላይ የቀኑ ርቀት ይናገራል። በየስምንት ሳምንቱ ደም ይወስድ የነበረ ሰው በየአራቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ከፈለገ መቅኔው ተለውጧል። ስለዚህ አንድ ደብተር ይያዝ፦ ቀን፣ ሂሞግሎቢን፣ ነጭ ሴል፣ ኒውትሮፊል፣ ፕላትሌት፣ የከረጢት ቁጥር። የሲቢሲ ወረቀቶቹ ሁሉ፣ የድሮዎቹም፣ በአንድ ፌስታል ይሰብሰቡ፤ ሪፈር ወረቀቱም ከጤና መድን ደብተሩ ጋር ይኑር፣ ያለ ሪፈር የተሄደበትን ወጪ መድኑ ላይሸፍን ይችላልና።

የቀድሞ ታሪክን አለመናገር

ከዓመታት በፊት ለጡት ወይም ለሌላ ካንሰር ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው ይናገር። እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ያሉት ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ እንደ ኢቶፖሳይድ ያሉት ከ1 እስከ 3 ዓመት ቆይተው መቅኔውን ሊያውኩ ይችላሉ። በመኪና ቤንዚን ውስጥ ያለው፣ በእንግሊዝኛ «benzene» የሚባለው ኬሚካል ራሱ የታወቀ የሉኬሚያ መንስኤ ነው፤ በጎማ እየሳቡ በጄሪካን መገልበጥና እጅን በነዳጅ መታጠብ ይቅር።

ዝቅተኛ አደጋ ያለው ኤምዲኤስ በየ3 እስከ 6 ወሩ ሲቢሲ ይበቃዋል። ቀጠሮ የማይጠብቁት ግን እነዚህ ናቸው፦ ያለ ምክንያት የሚመጣ ትኩሳት፣ በእግር ላይ የሚወጡ ጥቃቅን ሐምራዊ ነጠብጣቦች፣ የድድ ማበጥና መድማት፣ የአጥንት ሕመም፣ ዝቅ ብሎ የኖረ ነጭ የደም ሴል በድንገት መናር፣ በደም ስላይድ ላይ የታየ ብላስት።