ላንድክሩዘር 80 ከፍ ከተደረገ በኋላ መሪው አልመለስ ሲል

ለድንጋያማ መንገድ እንዲመች በረጃጅም ሞላዎች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደረግሁት አሮጌ ላንድክሩዘር 80 በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ ግራና ቀኝ ይቅበዘበዝ ጀመር። ከታጠፈ በኋላም መሪው በራሱ ወደ መሃል አይመለስም። እንጦጦ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ በዝግታ ሲሄድ ግን ምንም አይታይበትም፤ ያደናገረኝም ይኸው ነው።

ጎማዎቹን ባላንስ አስደረግሁ፤ ለውጥ የለም። የመሪ ዘንግ መጋጠሚያዎችንና የመሪውን ሾክ አብዞርበር ቀየርሁ፤ ያው ነው።

ፍንጩ የተገኘው የጎማዎቹን ማዕዘን ከሚለካው የአላይመንት ማሽን ወረቀት ነው። ካስተሩ፣ ማለትም መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ማዕዘን፣ 3 ዲግሪ አካባቢ መሆን ሲገባው ወደ 1 ወርዷል። መኪናው ከፍ ሲል የፊት አክሱሉ፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ፣ ወደ ፊት ይዞራል፤ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ኃይልም አብሮ ይጠፋል።

መፍትሔው ቀዳዳቸው ከመሃል የወጣ የካስተር ማስተካከያ ቦኮላዎች፣ ማለትም ብሎን የሚያልፍባቸው ቀለበቶች፣ ናቸው። አክሱሉን የሚይዙት ሁለቱ ክንዶች ወርደው፣ በአክሱሉ በኩል ያሉት አራቱ ነባር የላስቲክ ቦኮላዎች በሃይድሮሊክ ፕሬስ ወጥተው አዲሶቹ ይገባሉ። አቅጣጫው ወሳኝ ነው፦ የፊተኛው ቀዳዳ ወደ ላይ፣ የኋለኛው ወደ ታች። ብሎኖቹ የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኙት መኪናው በራሱ ጎማ ከቆመ በኋላ ብቻ ነው፤ በክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለ ከጠበቁ ቦኮላው ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል።

ካስተሩ ወደ 3 ተመለሰ፤ መሪውም ተረጋጋ። ይህ ሥራ ኃይልን ወደ ፊት አክሱል የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ማለትም የፊት ካርዳኑን፣ መጋጠሚያ ማዕዘን ስለሚለውጥ፣ ንዝረት ከተሰማ በቅድሚያ እሱን መፈተሽ ነው።