በቤት የተጻፈ ዲስክ ዴክ ላይ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ የተጫወተው ሲዲ ዴክ ውስጥ ሲገባ «ኖ ዲስክ» ይላል። ያን ጊዜ ዴኩ ተበላሽቷል እንላለን። ወይም ሲዲው አይረባም ብለን እንጥለዋለን። እባካችሁ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ያላግባባቸው የአጻጻፉ መንገድ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሩ። ፋብሪካ ያተመው ኦሪጅናል ዲስክ ዴኩ ውስጥ አስገቡ። ለሲዲ ችግር በሲዲ፣ ለዲቪዲ ችግር በዲቪዲ ይሁን። ሲዲ የሚነበበው በ780 ናኖሜትር ጨረር ነው፣ ዲቪዲ ደግሞ በ650። ስለዚህ ዴኩ አንዱን እያነበበ ሌላው ሊያቅተው ይችላል። ኦሪጅናሉንም ካላነበበ ሌንሱ ቆሽሿል ወይም ደክሟል። ኦሪጅናሉን አንብቦ የእናንተን ብቻ ካልተቀበለ ግን ከታች ካሉት ምልክቶች የራሳችሁን ፈልጉ።

«ኖ ዲስክ» ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ያነበዋል

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያልተዘጋ ዲስክ ነው። ማጫወቻ ዲስክ ሲገባለት መጀመሪያ የሚፈልገው በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ያለውን ማውጫ ነው። ይህ ማውጫ የሚጻፈው ዲስኩ ሲዘጋ ነው፤ ፋይናላይዝ ማድረግ የሚባለው ይኸው ነው። የሚጽፍ የኮምፒውተር ድራይቭ ያልተዘጋውንም ማንበብ ይችላል። ዴክ ግን ማውጫ ካላገኘ ባዶ ነው ብሎ ይተወዋል።

አንዴ የአያቴን ድምፅ የቀዳሁበትን ሲዲ በዚህ ምክንያት ልጥለው ነበር። የጻፍኩበትን ፕሮግራም ከፍቼ ዲስኩን ዝጋ የሚለውን ስነካ በጥቂት ደቂቃ ተስተካከለ። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። በቪዲዮ ካሜራ ወይም በዲቪዲ መቅጃ የተቀዳ ከሆነ በዚያው መሣሪያ ዝጉት። ከተዘጋ በኋላ ሌላ ነገር መጨመር ስለማይቻል የሚጨመር ካለ አስቀድሙ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዊንዶውስ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ባዶ ዲስክ ሲገባ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፦ እንደ ፍላሽ ልጠቀምበት ወይስ ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ? ብዙ ሰው የሚመቸውን የመጀመሪያውን ይነካል። በዚያ መንገድ የተጻፈውን አብዛኛው ዴክ አያውቀውም። እንዲህ ከሆነ ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተር መልሱና በሌላ ባዶ ዲስክ ላይ በሁለተኛው ምርጫ ጻፉ።

ተዘግቷል፣ ያው «ኖ ዲስክ» ነው

የዲስኩን ፊት አንብቡ። «አርደብሊው» ይላል? እንግዲያው ጉዳዩ የብርሃን ነው። ፋብሪካ የሚያትመው ዲስክ ላይ መረጃው ፕላስቲኩ ላይ የተረገጠ ጉድጓድ ነው። ቤት በምንጽፈው፣ አንዴ ብቻ በሚጻፍበት ሲዲ አር ላይ ግን ጉድጓድ የለም፤ ጨረሩ ቀለሙን እየለወጠ ምልክት ያበጃል። ደጋግሞ የሚጻፍበት ሲዲ አርደብሊው ደግሞ የተሠራው ከሌላ ቅይጥ ነው። ኦሪጅናል ሲዲ ጨረሩን 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሲመልስ፣ አርደብሊው የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው። ሲዲ ገበያ የወጣው በ1982 ነው፤ አርደብሊው የመጣው በ1997። በመካከሉ የተሠሩ ማጫወቻዎች ይህን ደብዛዛ ብርሃን እንዲያነቡ አልተሠሩም። መፍትሄው ያንኑ ነገር ሲዲ አር ላይ መጻፍ ነው።

ዲቪዲ አርደብሊውም እንዲሁ ነው። የሚመልሰው ብርሃን ሁለት ንብርብር ካለው ኦሪጅናል ዲቪዲ ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንድ ዴክ ይሳሳትና የሌለ ሁለተኛ ንብርብር ይፈልጋል። ዲቪዲ አር ተጠቀሙ።

የፕላስና የማይነስ ነገርም አለ፤ ዲቪዲ አር ሁለት ዓይነት ነው፣ ስሙ ላይ የመደመር (ፕላስ) ወይም የመቀነስ (ማይነስ) ምልክት አለው። ለአሮጌ ዴክ ቀድሞ የመጣውን ማይነስ አር መጀመሪያ ሞክሩ። እጃችሁ ላይ ያለው ፕላስ አር ብቻ ከሆነ እንደ ኢምግበርን ያለ ፕሮግራም፣ ድራይቩ ከፈቀደለት፣ የዲስኩን መለያ «ዲቪዲ ሮም» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ያን ጊዜ ዴኩ እንደ ኦሪጅናል ይቆጥረዋል።

ከዚህ በፊት ቤት የተጻፈ ዲስክ ያነብ የነበረ ዴክ አሁን አንዱንም እምቢ ካለ፣ ኦሪጅናል ቢያነብም ሌንሱን ጠርጥሩ። የደከመ ሌንስ መጀመሪያ የሚያቅተው ደብዛዛው ነው።

ዲስኩን ያውቀዋል፣ ግን አይጫወትም

ይህ የፋይል ጉዳይ ነው። ኤምፒ3 እንደ ፋይል ከተገለበጠ ኤምፒ3 የማያውቅ የቆየ ዴክ ዝም ይላል። ፕሮግራሙ ላይ «ኦዲዮ ሲዲ» የሚለውን ምረጡ። 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ያኔ የሚገባው 80 ደቂቃ ብቻ ነው፤ መቶ ዘፈን አትጠብቁ። ዘፈኖቹን ሁለት ቀን ከፋፍላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ ተራው የሙዚቃ ዴክ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ያያል። ሁሉንም በአንዴ ጻፉ።

ቪዲዮ ላይ ስህተቱ የባሰ ነው። ኤምፒ4 ፋይል ዲቪዲ ላይ ስለተገለበጠ የዲቪዲ ፊልም አይሆንም። ተራ የዲቪዲ ዴክ የሚፈልገው «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባል ፎልደር፣ በውስጡም ኤምፔግ 2 በሚባለው የቪዲዮ ማሸጊያ ዘዴ የታሸገ ምስል ነው። የምስሉ ልክ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት 720 በ576፣ ኤንቲኤስሲ በሚባለው 720 በ480 ነጥብ ነው። የፋይሉን ስም መቀየር ምንም አይፈይድም። ዲቪዲ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ቪዲዮውን ቀይሮ ፎልደሩን ራሱ ያበጅላችኋል። ዴኩ ላይ «ዲቪኤክስ» (ሌላ የቪዲዮ ማሸጊያ ዘዴ ነው) የሚል ምልክት ካለ በዚያ ዓይነት የታሸገ ኤቪአይ ፋይል እንዳለ ይጫወታል።

ስሞቹን በፊደላችን ከጻፋችሁ ስክሪኑ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። በላቲን አጠር አድርጋችሁ ጻፉ።

ጥሩ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ይንተባተባል

ዲስክ የሚጻፈው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። መጨረሻው ጠርዙ ጋ ነው፤ ጠርዙ ደግሞ ለመጣመም፣ ለጣት አሻራና ለጭረት የተጋለጠ ነው። መጀመሪያ የመጻፊያውን ፍጥነት ቀንሱ። 52 የሚል ሲዲ በ16፣ 16 የሚል ዲቪዲ በ8 ወይም በ4 ይጻፍ። በ1 መጻፍ ግን አይመከርም፤ የዛሬ ዲስኮች ቀለም ለዚያ አልተሠራም። ሲያልቅ የተጻፈው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠውን «ቬሪፋይ» የሚለውን አትዝለሉ።

የወረቀት ስቲከር አትለጥፉ፣ በተለይ ዲቪዲ ላይ። ዲስኩ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያስታል፣ እየቆየም ያጣምመዋል። ለሲዲ በለስላሳ ማርከር ጻፉበት፣ እስክሪብቶ ግን በፍጹም። የሲዲ መረጃ ያለው ከላይኛው ፊት ሥር ነው፤ የሚሸፍነው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ከታች የተጫረ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ከላይ የተላጠ ግን አይመለስም። ስታጸዱ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጉ እንጂ ዙሪያውን አትሹት።

በየዘፈኑ መካከል የሁለት ሰከንድ ዝምታ ካስቸገራችሁ ዲስኩን ሳያቋርጥ በአንዴ በሚጽፈው፣ «ዲስክ አት ዋንስ» በሚለው ምርጫ ጻፉ፣ ሊጠፋ ይችላል።

ድሮ ይሠራ ነበር፣ ዛሬ አቃተው

ፀሐይና ሙቀት ቀለሙን ያደበዝዙታል። እንዲህ ያለ ዲስክ ውስጥ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ካለ ዴክ ላይ ደጋግሞ መሞከሩን ተዉት። ኮምፒውተር ላይ አንዱ ድራይቭ እምቢ ቢል በሌላ ሞክሩ፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ አለ። ዝግ ባለ ፍጥነት ሙሉውን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና አዲሱን ቅጂ ከዚያ ጻፉ።