«ጾሜ ለምን ወፈርኩ?»፦ ክብደት ለመቀነስ ምግብ ስንመርጥ የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሔያቸው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ የሥነ ምግብ ምክር ሥራዬ መሆኑን ያወቀ ጎረቤት ሁሉ ደረጃ ላይ እያስቆመ «ለመቀነስ ምን ልብላ?» ይለኛል። ከመመለሴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ የምትበሉት ስንት ሰዓት ነው? ዘይቱ ስንት ቀን ያቆያችኋል? የምትወስዱት መድኃኒት አለ? ለአንዱ የሠራው ምግብ ለሌላው የማይሠራው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ የተነሳ ነው። ከታች ካሉት ውስጥ የራሳችሁን ምልክት ፈልጉ።

ምልክት፦ «ሁዳዴን ጾሜ ጨረስኩ፤ ሚዛን ላይ ስወጣ ግን ጨምሬያለሁ»

ይህን ሳልሰማ ያለፈ ፋሲካ አላስታውስም። 55 ቀን ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱና እንቁላሉ ቀርቶ ክብደት ሲጨምር ሰው በገዛ ሰውነቱ ይናደዳል። መንስኤው በአብዛኛው ዘይት ነው። ቅቤው ሲወጣ ዘይቱ በእጥፍ ይገባል። ቁሌቱ በዘይት፣ ሽሮው በዘይት፣ ጎመኑ በዘይት፣ መክሰሱ ሳምቡሳ። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ቅባት 9 ይሰጣል፤ ከእህል ስለተጨመቀ አይቀንስም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው።

ለማረጋገጥ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። አራት ሰው ያለበት ቤት በ15 ቀን ከጨረሰው፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 690 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ደርሶታል፤ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ወር ካቆየ ግማሹ። አንዲት ጎረቤቴ ቀኑን ጻፈችና በ12ኛው ቀን ባዶውን ጀሪካን ይዛ በሬን አንኳኳች። ቤታቸው ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው።

መፍትሔው ከቁሌቱ ይጀምራል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አብስሉት። ከዚያ ዘይቱን በማንኪያ እየቆጠራችሁ ጨምሩ፤ ለአራት ሰው ወጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ ማንደቅደቅ ይቅር። ተጋቢኖውን በሳምንት አንድ ቀን አድርጉትና በሌላው ቀን ሽሮውን ፈሰስ አድርጉ። አዚፋ እኔ በጣም የምወደው የጾም ምግብ ነው፤ ተቀቅሎ የተፈጨ ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ። ያጠግባል፣ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው፣ ዘይትም ብዙ አይፈልግም።

ስለ መክሰስም ልጨምር። የሽምብራ ቆሎና የሽምብራ ንፍሮ አንድ እህል ናቸው፤ ንፍሮው ግን ውሃ ስለጠጣ በተመሳሳይ ክብደት ከቆሎው ግማሽ ያህል ካሎሪ እንኳ አይሞላም። 100 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ 165 ካሎሪ አካባቢ ነው። ሰሊጥና ተልባም ለጤና ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ በብርጭቆ ሳይሆን በማንኪያ ይለኩ።

ምልክት፦ «ቀን ምንም አልበላም፤ ማታ ግን አልጠግብም»

የከተማ ዳር ኑሮ በሽታ ነው ብል አላጋነንኩም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ የሚሰለፍ፣ ማታ 2 ሰዓት የሚመለስ ሰው ቁርሱ ሻይና ቦምቦሊኖ፣ ምሳው ሌላ ሻይ ነው። በየብርጭቆው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እየጨመረ አራት ብርጭቆ ከጠጣ 48 ግራም ስኳር ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም አካባቢ እንዳይበልጥ ይመክራል። ስኳሩ ረሃቡን ለጥቂት ሰዓት ይሸነግለዋል፤ ማታ ላይ ሁሉም ተደምሮ ይመጣል፣ ያኔ እንጀራ መቁጠር አይቻልም።

እራት መከልከል እዚህ ላይ አይሠራም፤ መብላትን ወደ ቀን ማምጣት ነው የሚሠራው። ጠዋት ያለ ስኳር የተበጠበጠ በሶ፣ በፍስክ ቀን የተቀቀለ እንቁላል፤ ምሳ ዕቃ ውስጥ ግማሽ እንጀራ በምስርና በጎመን። ከሁሉ በላይ የረዳው ደግሞ ከሥራ ስትወጡ፣ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት የምትበሉት አንድ እፍኝ ንፍሮ ነው። ቤት ስትደርሱ እጃችሁ አይቸኩልም። ጨጓራ ላለበት ሰውማ ባዶ ሆድ ሲያቃጥለው ስለሚውል፣ ምግብ መዝለል ጭራሽ አይሆንም፤ በርበሬውም ካስቸገረው አልጫ ይሁንለት።

በአንድ ትሪ የሚበላ ቤተሰብ ምን ያህል እንደበላ አያውቅም፤ ጉርሻው ደግሞ አይቆጠርም። ትሪውን አትለዩ። የራሳችሁን እንጀራ ግን ከመጀመራችሁ በፊት በፊታችሁ አስቀምጡ፣ ሲያልቅ ጎመንና ሰላጣው ላይ ቆዩ።

ምልክት፦ «እንጀራ ትቼ አጃ ጀመርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም»

100 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ የስንዴ ዱቄትም ሆነ አጃ ከ360 እስከ 390 ካሎሪ ባለው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ውድ እሽግ አጃ ከመግዛት የጤፉን መጠን መቀነስ ይቀላል። ጤፍ አሠር አለው፤ በነጭ ዳቦ መለወጥማ ኪሳራ ነው።

ምልክት፦ «በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ፤ ከዚያ ቆመ»

አብዛኛው ውሃ ነበር። ሰውነት ያከማቸውን ስኳር ሲጠቀም አብሮት ያለው ውሃ ይወጣል። የማቅጠኛ ሻይ የሚባሉት ብዙዎቹም የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ሚዛኑ የሚወርደው ከሆድ በወጣው ውሃ ነው፣ ስቡ ግን እዚያው አለ። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው። ወገባችሁንም በሜትር ለኩ፤ ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለልብና ለስኳር ሕመም ያለው ስጋት ይጨምራል።

ምልክት፦ ምግብ ከቀነሱ በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ መደናገር

የስኳር ሕመምተኛ ከሆናችሁና ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሳይቀነስ ምግቡ ሲቀነስ የደም ስኳር አደገኛ ወደሆነ ደረጃ ይወርዳል። ወዲያው ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ድገሙ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ከዚህ ቀጥሎ ሐኪማችሁ መድኃኒቱን ሳያስተካክል ምግብ አትቀንሱ፣ ጾምም አትጀምሩ። የኩላሊት ሕመም ያለበትም ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት እንዲሁ ይጠይቅ።

ምልክት፦ «ከወለድኩ ወዲህ አልቀነስኩም» / «መርፌ ከጀመርኩ ወዲህ ጨመርኩ»

የምታጠቢ እናት፣ እህቴ፣ አትራቢ። ወተት መሥራት ራሱ ብዙ ኃይል ይወስዳል። የአራስነቱ ጊዜ ሲያልፍ የገንፎውን ቅቤና የአጥሚቱን ስኳር ብቻ ቀንሺ፤ እንቁላሉ፣ ምስሩና ጎመኑ ይቆዩ። የማቅጠኛ ሻይ አትንኪ። የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ደግሞ አንዳንዷን ሴት በእርግጥ ያወፍራል። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሌላ አማራጭ ጠይቂ እንጂ ዝም ብለሽ አታቋርጪ፣ በምግብም ራስሽን አትቅጪ።

ምልክት፦ ምንም ሳይለውጡ መቅጠን

ጎረቤት «አማረብሽ!» ይላል። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ትኩሳት አብሮ ካለ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ የውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ ሽንት ካለ ስኳር። የምግብ ምክር እዚህ ቦታ የለውም፣ እኔ ጋም አትምጡ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፤ ነገ ጠዋት ሂዱ።