ላውደን ወይን ልትቀምሱ ስትሄዱ

ዲሲ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ፦ ቨርጂኒያ ላውደን ካውንቲ ያሉት ዋይነሪዎች (ወይን ጠምቀው የሚያስቀምሱ ቤቶች) በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢያስኬዱ ነው፤ ከ40 በላይ አሉ። በቀን ከ3 በላይ ግን አትሞክሩ። እኛ አንዴ 5 ብለን ወጥተን፣ አራተኛው ላይ ነጩንና ቀዩን የምንለየው በዓይን ብቻ ነበር።

ጠጅ የለመደ አፍ ቀዩ ላይ ዘሎ ከገባ «ይሄማ ኮምጣጤ ነው» ብሎ ይመለሳል። በቪዮኒዬ ጀምሩ፤ ኮክ ኮክ የሚሸት ነጭ ነው፣ ቨርጂኒያም ስሟ የወጣው በሱ ነው። ቀጥሎ ካበርኔ ፍራንክ፣ ቀዩ። ፔቲ ማንሳንግ የሚባለው ነጭ ወይን ካላቸው መጨረሻ ላይ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ጣፈጥ ያለ ነው። አንዱን ቅምሻ ለሁለት መካፈል ነውር የለውም። ባንኮኒው ላይ ያለችው ባልዲም የተረፈውን እንድትደፉባት ነው የተቀመጠችው፣ አትሳቀቁ።

ከ6 ሰው በላይ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በተለይ። ምግብ ይዞ መግባት አንዳንዱ ጋ ይቻላል፣ አንዳንዱ ጋ አይቻልም፤ ሳትጠይቁ ክትፎ ጭናችሁ እንዳትሄዱ። ሹፌሩ አይቀምስም። መስከረም ላይ ከሆነ ደግሞ ወይኑ ሲለቀም ትደርሳላችሁ።