ደሴ ላይ በአንድ ድስት ቢራ መጥመቅ

ቢራ ቤት ውስጥ ልጠምቅ ነው ስል መጀመሪያ የሳቀችብኝ እናቴ ናት። «ጠላ እያለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ብቅልና ጌሾ በማይጠፋበት ቤት ላደገ ሰው የቢራ ግማሽ ሥራ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር አንድ ሰዓት ነው፤ ብቅሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥበት ሰዓት።

ጠላ ላይ ሁሉም ነገር ጋን ውስጥ ይገናኛል። የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር፣ ስኳሩም ወደ አልኮል ጎን ለጎን ይለወጣል። ቢራ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። መጀመሪያ ስኳሩን እናወጣለን። ከዚያ ስኳር የያዘውን ውሃ አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ እርሾ እንጨምርበታለን።

5 ሊትር ቢራ ለማውጣት 10 ሊትር የሚይዝ ድስት ከነክዳኑ፣ የምግብ ቴርሞሜትር፣ ከስስ ነጭ ጨርቅ የተሰፋ ሰፊ ከረጢትና ክዳን ያለው ንጹህ ባልዲ ይበቃል። ለከረጢቱ ብላችሁ የእናታችሁን ነጠላ አትንኩ።

ብቅሉን ከገበያ መግዛት ይቻላል፤ እኔ ከሰኞ ገበያ ነው የምገዛው። የገብስ ብቅል መሆኑን ጠይቁ። ከዚያ አንድ ፍሬ ነክሳችሁ ሞክሩ። በደንብ የበቀለ ገብስ ጥርስ ላይ ፍርክስ ይላል፤ ያልበቀለው እንደ ጠጠር ነው። ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ እለፉት። 1 ኪሎ ከ300 ግራም ብቅል ያዙ። 200 ግራም ገብስ ደግሞ እንደ ቆሎ ቡናማ እስኪሆን ቁሉና ጨምሩበት፤ መልክና ጣዕም ይሰጣል። እኔ ስቆላ ሽታው የጎረቤታችንን እናት በር ድረስ አመጣቸው። «አንተ ልጅ፣ ቀሪቦ ነው?» አሉኝ። አይደለም ስላቸው ቅር እያላቸው ተመለሱ።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ «ሽርክት አድርገው» በሉ። ዱቄት ከሆነ ከረጢቱ ይደፈንና እንደ ገንፎ ይያዛል። ገለባው ሳይደቅ መቅረት አለበት፤ ውሃው የሚያልፈው በእሱ መሃል ነው።

አሁን ወደዚያች ሰዓት እንምጣ። ብቅሉ ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞች አሉ። 67 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኙ በደንብ ይሠራሉ። ከ75 በላይ ቶሎ ይሞታሉ። በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ሥራው ይጓተታል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህን ካወቅን ሒሳቡ ቀላል ነው። 3 ሊትር ተኩል ውሃ አፍሉ። ከእሳት አውርዳችሁ 1 ሊትር የቧንቧ ውሃ ጨምሩበት። ወደ 75 ዲግሪ ይወርዳል። ከረጢቱን ድስቱ ውስጥ ዘርግታችሁ ሽርክቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ጓጉሎ እንዳይቀር እያማሰላችሁ። እህሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱ 67 ወይም 68 ላይ ይረጋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ቀዝቃዛውን ውሃ ትንሽ ጨመር አድርጉ፤ እናንተ ዘንድ ውሃው የሚፈላውም የቧንቧው ውሃም ከእኛው ይሞቃል።

ክዳኑን ግጠሙና ድስቱን በጋቢ ጠቅልሉት። ለአንድ ሰዓት አትክፈቱት። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ የብቅል ውሃ ነጭ ሰሃን ላይ አፍስሳችሁ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን ጠብ አድርጉበት። ሰማያዊ ጥቁር ከሆነ ስታርች ቀርቷል፤ ግማሽ ሰዓት ጨምሩለት። ቀለሙ ካልተለወጠ ጨርሷል። አዮዲን ያልነካውን ከድስቱ ቅመሱ፤ ይጣፍጣል።

ከረጢቱን አንሡና እንዲንጠፈጠፍ አድርጉ። 75 ዲግሪ የሞቀ 4 ሊትር ውሃ በቀስታ አፍስሱበትና ያንንም ከመጀመሪያው ጋር ቀላቅሉ። የቀረውን እህል ዶሮዎች ይወዱታል።

ከዚያ ማፍላት። ክዳኑ ክፍት ሆኖ አንድ ሰዓት ተኩል። የገበያው ብቅል በፀሐይ የደረቀ ስለሆነ እንደ ተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ነገር ይዞ ይመጣል፤ የሚወጣው ከእንፋሎቱ ጋር ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ፍላቱ ደካማ ስለሆነ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አረፋው ገንፍሎ ምድጃውን እንዳያጥብ አጠገቡ ቁሙ። እኔ ላይ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ከሰል ፍለጋ ሮጫለሁ፤ ከሰል አዘጋጅታችሁ ጀምሩ።

ለምሬቱ ሆፕስ የሚባለውን የቢራ አበባ ካገኛችሁ 10 ግራም የመጨረሻው አንድ ሰዓት ሲቀር ጨምሩ። ካላገኛችሁ ጌሾ አለ። እኔ አንድ እፍኝ የደረቀ የጌሾ እንጨት እጨምራለሁ። ጣዕሙ ከሆፕስ ጋር አንድ አይደለም፣ ግን ከገብሱ ጋር ይስማማል።

ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ። ውሃውን እየቀያየራችሁ እስከ 20 ዲግሪ አውርዱት። ከዚህ በኋላ የሚነካው ሁሉ ንጹህ መሆን አለበት። ለጠላ ጋኑን በግራዋ አጥበን በወይራ እናጥናለን፤ ለቢራው ግን ጭሱ ይቀራል። ባልዲውን በቀጠነ በረኪና እጠቡና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

የቀዘቀዘውን ባልዲው ውስጥ ገልብጡና እርሾ ጨምሩበት። የቢራ እርሾ ካላችሁ ከ11 ግራሙ ፓኬት ግማሹ ይበቃል። የዳቦ እርሾም ይሠራል፣ ግን ቶሎ አይጠልም፣ ዳቦ ዳቦም ይላል። ባልዲውን ከድናችሁ ጥግ ላይ አስቀምጡ፤ ጋዙ የሚወጣበት ትንሽ ክፍተት ግን ይኑረው። የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ወዳጅ ነው፤ 18 እስከ 20 ዲግሪ ተስማሚ ነው። ቆላ ያላችሁ ባልዲውን ውሃ ውስጥ አስቀምጡና እርጥብ ጨርቅ አልብሱት።

ሁለት ሳምንት ጠብቁ። እኔ የመጀመሪያውን በ6ኛው ቀን ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ሞላሁት። ሌሊት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሁለቱ ፈነዱ፤ ልብሴ ለሳምንት ጠላ ቤት ጠላ ቤት ይሸት ነበር። አረፋው ሳይቆም፣ ጣፋጭነቱ ሳይጠፋ አትሙሉ። ደግሞም የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተጠቀሙ። 30 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ለ5 ሊትሩ ቀላቅሉት። ከሞላችሁ በኋላ ጠርሙሱን በየቀኑ ጨመቅ አድርጉት። እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ጋዝ ይዟል ማለት ነው። ያኔ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይግባ።

ስትቀዱ ጠርሙሱን አታናውጡ። አተላው ከታች ይቅር፤ የመጨረሻዋን ጣት ያህል ተዉአት።