ትንሽ ልጅ ይዞ ዲስኒ ወርልድ፦ ጉዞውን በአቅም እንዴት ማቀድ ይቻላል

ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ዋልት ዲስኒ ወርልድ ርካሽ ቦታ አይደለም። በትንሽ ገንዘብ ሁሉንም አይታችሁ ትመለሳላችሁ የሚል ካለ አትመኑት። ቢሆንም ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚጨርሰው ልጁ ባልጠየቀው ነገር ላይ ነው። የአራት ዓመት ልጅ አራት ፓርክ አይፈልግም። ወረፋ የሚያሳጥር ተጨማሪ ክፍያ መኖሩንም አያውቅም። እሱ የሚፈልገው ሚኪን ማቀፍ፣ የሚበረው ዝሆን ላይ መውጣት፣ ከዚያ የሆቴሉ ገንዳ ውስጥ መንቦራጨቅ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ከልጁ አቅም ጀምሩ። ወጪውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ይህ ጽሑፍ በተለይ ከዋሽንግተን፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አካባቢ ለሚነሱ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ከሌላ ከተማ የምትነሱም ከመጓጓዣው በቀር ሌላው ይሠራላችኋል። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች፣ ሰዓቶቹ ግን እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስንት ቀን ፓርክ እንደምትገቡ ወስኑ

ከሁሉም በላይ ወጪውን የሚወስነው ይህ ነው። ዲስኒ ወርልድ አራት ዋና ፓርኮች አሉት። በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም፣ ቀጥሎ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ እና አኒማል ኪንግደም። ሰው "እዚያ ድረስ ከሄድን አይቀር" ይልና የአራት ቀን ትኬት ይገዛል። የትኬቱ አሠራርም ያበረታታዋል። ቀን በጨመራችሁ ቁጥር የአንዱ ቀን ዋጋ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠቅላላው ሂሳብ ግን እየጨመረ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ልጁ መሬት ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ "ለአንድ ቀን ሲመታ እኮ ረክሶልናል" ማለት አያጽናናም።

የኔ ምክር አንድ ቀን ማጂክ ኪንግደም ነው። ለትንሽ ልጅ የሚሆኑ መጫወቻዎች በብዛት ያሉት እዚያ ነው። ገንዘቡ ከፈቀደ ሁለተኛውን ቀን ለአኒማል ኪንግደም ስጡ። ሐራምቤ የሚባል የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ አስመስለው የሠሩት መንደር አለ። ከዚያ ተነስቶ በትልቅ ክፍት መኪና እውነተኛ ቀጭኔና ዝሆን ማየት ይቻላል። የቁመት ገደብ የለበትም። በሁለቱ ቀኖች መሀል አንድ ቀን ገንዳ ዳር ዋሉ። ኤፕኮትና ሆሊውድ ስቱዲዮስ ልጁ ከፍ ሲል ይደርሳሉ።

ዕድሜም ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ከሦስት ዓመት በታች መግቢያ ነፃ ነው። ከ3 እስከ 9 የልጅ ትኬት ይባላል። ግን አትሸወዱ፣ ከአዋቂው የሚቀንሰው ጥቂት ዶላር ብቻ ነው። 10 ሲሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። ስለዚህ አንዳንዱ ሦስት ሳይሞላት ብሎ ይጣደፋል። የትኬት ገንዘብ ይተርፋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ዕድሜ የሚዝናናው ወላጁ ነው። እንዳቅማችሁ አስቡበት። እኔ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ ይሻላል እላለሁ።

2. ቀኑን ከትምህርት ቤት ካሌንደር አርቁ

ልጃችሁ ገና ትምህርት ቤት ካልገባ ትልቁ ቅናሽ በእጃችሁ ነው። የዲስኒ ትኬት ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል። በ2025 የአንድ ቀን ትኬት ከ119 ዶላር ጀምሮ እስከ 199 ዶላር ድረስ ነበር፤ ታክስ ሳይጨምር። ውዱ ማጂክ ኪንግደም ነው። በጣም ውዱ ቀን ደግሞ ገናና የፈረንጅ አዲስ ዓመት አካባቢ። የታንክስጊቪንግ ሳምንት፣ የፕሬዝዳንቶች ቀን ሳምንትና የፈረንጆች ፋሲካም ያው ናቸው።

የሚረክሰው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር፣ እንዲሁም ከጃንዋሪ አጋማሽ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። እንቁጣጣሽ የሚውለው እዚያው ርካሹ ወቅት ላይ ነው። የአዲስ ዓመት ጉዞ ለሚያስብ ምቹ ነው ማለት ነው። ጉዳቱም ይነገር። ሴፕቴምበር ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይጠፋም፣ ከጁን እስከ ኖቬምበር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። በዚህ ወቅት ከሄዳችሁ ያለቅጣት የሚሰረዝ ሆቴል ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባሉ አንዳንድ ምሽቶች ማጂክ ኪንግደም የተለየ ትኬት የሚጠይቅ የሃሎዊን ድግስ ያደርጋል። በነዚያ ቀኖች ተራ ትኬት የያዘ ሰው 12 ሰዓት ማታ ላይ ይወጣል። ይህን የማይፈልገው ብዙ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሰው ይቀንሳል፣ ትኬቱም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ትንሽ ልጅ የያዘ ቤተሰብ ደግሞ 12 ሰዓት ሳይሞላ ደክሞት መውጣቱ አይቀርም። ምንም አይቀርባችሁም።

3. ትኬት ከመንገድ ዳር አትግዙ

ትኬቱን ከዲስኒ ድረ ገጽ ወይም ዲስኒ ከፈቀደለት ሻጭ ብቻ ግዙ። ኪሲሚ ውስጥ በ192 መንገድ ስትነዱ "ነፃ የዲስኒ ትኬት" የሚሉ ዳሶች ታያላችሁ። ነፃ የሚሉት ታይምሼር፣ ማለትም በዓመት ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያርፉበት የጋራ የእረፍት ቤት ድርሻ፣ ሊሸጡላችሁ ነው። ከልጅ ጋር ግማሽ ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁ "አይ፣ አመሰግናለሁ" ስትሉ ትውላላችሁ። ሰው ተጠቅሞበት የተረፈ ትኬት የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ ጭራሽ ተዉት። ትኬቱ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ በር ላይም የአዋቂ ጣት ይታያል።

ላይትኒንግ ሌን የሚባለው የወረፋ ማሳጠሪያ ለብቻው ይከፈላል። ዋጋውም እንደ ቀኑ ነው። ለአንድ ትንሽ ልጅ ቤተሰብ፣ ሰው በማይበዛበት ወቅት፣ አያስፈልግም። በጠዋት መድረስ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል።

4. መንገዱ

ከዋሽንግተን አካባቢ ኦርላንዶ ወደ 850 ማይል ነው፣ በአይ-95 ቁልቁል። ልጅ ይዞ በአንድ ቀን መንዳት ይከብዳል። መሀል ላይ ማደር ካለ የአንድ ሌሊት ሆቴል ሂሳብ ውስጥ አስገቡ። ሌላው መንገድ ከሎርተን ቨርጂኒያ የሚነሳው የአምትራክ አውቶ ትሬይን ነው። መኪናችሁን ጭኖ ከሰዓት በኋላ ይነሳል፣ በማግስቱ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ያደርሳችኋል። ልጅ ባቡር ይወዳል፤ ነገር ግን የመኪናውንና የየሰዉን ዋጋ ደምሩና ከአውሮፕላን ጋር አወዳድሩ።

በአውሮፕላን ከሆነ በአገር ውስጥ በረራ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ በነፃ ይሄዳል። የልጅ ጋሪና የመኪና ወንበርም አብዛኞቹ አየር መንገዶች ያለክፍያ ይጭናሉ። የመኪና ወንበሩን ይዛችሁ ሂዱ። ከመኪና አከራዩ ስትከራዩት በየቀኑ ይቆጠራል። ኦርላንዶ የክፍያ መንገድ ይበዛበታል። ቤት ያለው ኢዚ ፓስ እዚያም ስለሚሠራ ይዛችሁ ውጡ። የተከራያችሁትን መኪና ታርጋ መመዝገብ ግን አትርሱ። አለዚያ አከራዩ የራሱን የቀን ክፍያ ጨምሮ ቢል ይልክላችኋል።

5. ማደሪያ

ዲስኒ ግቢው ውስጥ ረከስ ያሉ ሆቴሎች አሉት። ኦል ስታር የሚባሉት ሦስቱና ፖፕ ሴንቸሪ ይጠቀሳሉ። ነፃ አውቶቡስ አለ፣ ፓርክ ስትገቡ የመኪና ማቆሚያ አትከፍሉም፣ ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ትገባላችሁ። ከግቢው ውጭ ኪሲሚና ሌክ ብዌና ቪስታ ደግሞ ቁርስ የሚያበላ፣ ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ ያለው ሆቴል በጣም በቀነሰ ዋጋ ይገኛል። ፓርክ መግቢያው ላይ ግን መኪና ለማቆም በየቀኑ ትከፍላላችሁ፤ በ2025 ለቀን ወደ 30 ዶላር ነበር።

የምትገቡት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ውጭ ማደር ያዋጣል። የፓርኩን ማቆሚያ አንዴ ብቻ ነው የምትከፍሉት። ሦስት ቀን ከሆነ ግን ቁጭ ብላችሁ ደምሩ። ውጭ ሆቴል ስትይዙ "ሪዞርት ፊ" የሚባለውን የሆቴል ተጨማሪ ክፍያና የሆቴሉን የመኪና ማቆሚያ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

6. ምግብ ይዛችሁ ግቡ

ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ዲስኒ ወርልድ ከቤት ያመጣችሁትን ምግብና ለስላሳ መጠጥ ይዛችሁ እንድትገቡ ይፈቅዳል። የሚከለከለው አልኮል፣ ብርጭቆና ጠርሙስ፣ እንዲሁም የተበተነ በረዶ ነው። የሕፃን ምግብ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ግን ያልፋል። ለማቀዝቀዝ ማታ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ቦርሳው ውስጥ በረዶ ሆኖ ምግቡን ያቀዘቅዛል፣ ከሰዓት ቀልጦ ይጠጣል።

ምን ይያዝ? ከሙቀት ጋር የማይጣላ ነገር። በቅቤ ያልራሰ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በቁመቱ የተሰነጠቀ ወይን፣ ዳቦ ቆሎ። ዳቦ ቆሎ ወረፋ ላይ ተአምር ነው፤ ልጁ አንድ አንድ እያነሳ ሲቆረጥም ሃያ ደቂቃ ያልፋል። ገና በደንብ ለማያኝክ ሕፃን ግን አትስጡ። ለአዋቂው በሶ ይበቃል። ሆቴሉ ምድጃ ካለው ድርቆሽ ይዞ ሄዶ ማታ ፍርፍር ማድረግ ይቻላል። ቁሌት ግን ቤት ሠርታችሁ አምጡ። ሆቴል ክፍል ውስጥ ሽንኩርት ካቁላላችሁ የጭስ ማንቂያው ሕንፃውን በሙሉ ያስወጣል።

ፓርክ ውስጥ ውሃ አትግዙ። ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች በረዶ ያለበት ውሃ በኩባያ ሲጠየቁ በነፃ ይሰጣሉ። ምንም ሳትገዙም ጭምር። ምግብ ከገዛችሁ እነዚሁ ቤቶች የልጅ ምግብ ለአዋቂም ይሸጣሉ፤ ለብዙ ሰው ይበቃል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ሜኑው ላይ የቅጠል ምልክት ፈልጉ። ያ ማለት ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም።

7. የፓርኩ ቀን

አንዳንዱ መጫወቻ የቁመት ገደብ ስላለው ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ልጁን ጫማ እንዳደረገ ቁመቱን ለኩት። የሰባቱ ድንኮች ባቡር 97 ሴንቲሜትር ይጠይቃል፣ ስፔስ ማውንቴን 112። የማይደርስበትን ስም ፊቱ አታንሱ። ዱምቦ (የሚበረው ዝሆን)፣ ፒተር ፓን፣ ዊኒ ዘ ፑና የጀልባው "ስሞል ወርልድ" ገደብ የላቸውም። ወላጆች ከፍ ያለውን መሞከር ከፈለጋችሁ በር ላይ ላለው ሠራተኛ "ራይደር ስዊች" በሉት። አንዱ ወረፋ ይዞ ሲገባ ሌላው ከልጁ ጋር ይቆያል። ሲወጣ ተረኛው ያንን ሁሉ ወረፋ ሳይሰለፍ ይገባል። ነፃ ነው።

ማጂክ ኪንግደም ላይ መኪና ካቆማችሁበት ፓርኩ በር አትደርሱም። መጀመሪያ ፍተሻ አለ፣ ቀጥሎ በሞኖሬል ወይም በጀልባ ሐይቁን መሻገር። ለዚህ ብቻ 45 ደቂቃ መድቡ። ስለዚህ ፓርኩ 3 ሰዓት ጠዋት የሚከፈት ከሆነ 2 ሰዓት ላይ ማቆሚያው ጋ ሁኑ። እንደተከፈተ ቀጥታ ፒተር ፓን ሂዱ፤ ወረፋው በፍጥነት የሚከመርበት እሱ ነው። ከዚያ ዊኒ ዘ ፑ፣ ከዚያ ዱምቦ። 5 ሰዓት ላይ ሰው ሳይርበው ምሳችሁን ብሉ።

ቀትር ላይ ፒፕልሙቨር የሚባለው ላይ ውጡ። ከላይ በቀስታ የሚዞር፣ ጥላና ነፋስ ያለው ነው። እንቅልፍ የመጣበት ልጅ እዚያ ይተኛል። ዳይፐር መቀየር፣ ማጥባት ወይም የሕፃን ምግብ ማሞቅ ካስፈለገ በእያንዳንዱ ፓርክ የሕፃናት እንክብካቤ ማዕከል አለ። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ በሜይን ስትሪት መጨረሻ፣ ክሪስታል ፓላስ ምግብ ቤት አጠገብ ነው። ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ክፍል ነው፤ ልጁ ሲነጫነጭም እዚያ አሳርፉት።

ጋሪ ልጁ አምስት ዓመት ቢሆንም ያስፈልጋል። እዚያ መከራየት ለቀን 15 ዶላር ገደማ ነው። ቤት ያለውን ከወሰዳችሁ ስፋቱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም። በእጅ የሚጎተተው ዋገን አይገባም። ስልክ ቁጥራችሁን በልጁ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉለት፣ ጠዋትም በለበሰው ልብስ ፎቶ አንሱት።

8. ሱቁ

ከብዙ መጫወቻዎች ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ሱቅ ይጠብቃችኋል። "አይሆንም" እያሉ መዋል ሁላችሁንም ያደክማል። የሚኪ ቲሸርቱንና አሻንጉሊቱን ከመሄዳችሁ በፊት ዋልማርት ወይም ታርጌት ገዝታችሁ ደብቁ። ጠዋት ሆቴል ውስጥ አውጥታችሁ ስጡት። ከፓርኩ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንደሚመርጥ፣ ምርጫውም ሲወጡ እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሩት። ማጂክ ኪንግደም መግቢያ አጠገብ ያለው ሲቲ ሆል ገብታችሁ ብትጠይቁ "የመጀመሪያ ጉብኝቴ" ወይም "ልደቴ ነው" የሚል የደረት ቁልፍ በነፃ ይሰጡታል። ልደቱ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሠራተኛው ሁሉ እንኳን አደረሰህ ይለዋል።

ማታ ርችት እስኪተኮስ ከቆያችሁ የሚያበሩ መጫወቻ የሚሸጡ ጋሪዎች ይወጣሉ፣ ዋጋቸውም አይቀመስም። ከዶላር ትሪ የሚያበራ ዘንግ ገዝታችሁ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። ከሱ ጋር የጆሮ መሸፈኛ ጨምሩ። ርችቱ ቅርብ ነው፣ ትንንሾቹ ድምፁን አይችሉትም።